በደጅ ያደረ ጥያቄ

በቋንቋችን «መጠየቅ» የሚለው ቃል ሁለት ሥራ እንደሚሠራ አንባቢ ሁሉ ያውቀዋል። አንደኛው ያላወቁትን ለማወቅ ቃል ማቅረብ ነው፤ ሁለተኛው ግን የታመመውን፥ የታሰረውን፥ ያዘነውንና የራቀውን ሰው ሄዶ ማየት፥ እንደ ምን አለህ ማለት ነው። «ጠያቂ አጣሁ» ብሎ የሚያዝን ሰው የሚመልሰው ጥያቄ አጥቶ አይደለም፤ በሕይወት መኖሩን የሚያስታውስ ዘመድ ጐድሎበት ነው። በዛሬው ዘመን ሰዎች በስልክና በኮምፒዩተር ሲጻጻፉ፥ አንዱ ሌላውን «መኖርህን እንዳውቅ ፍቀድልኝ፥ ከወዳጆችህ መዝገብ አግባኝ» ብሎ የሚልከው አጭር ማመልከቻ የትውውቅ ጥያቄ ይባላል። ስሙ ከውጭ ቋንቋ ሲመለስ በአጋጣሚ ከሁለቱም ትርጕም ላይ ዐርፏል፤ ፈቃድ መለመኛ ነው፥ ደግሞም ዘመድ መጠየቂያ ነው።

ተጠያቂው በቤቱ ካለ ነገሩ ቀላል ነው፤ ጥያቄው ይደርሰዋል፥ እሺ ወይም እምቢ ይላል። ተጠያቂው በሌለ ጊዜ ግን፥ ስልኩ ተዘግቶ፥ መስመሩ ተቋርጦ፥ ወይም አገሩ በሙሉ ከመገናኛ ውጭ ሆኖ በሚገኝበት ጊዜ፥ ያ ጥያቄ ወዴት ይሄዳል? ማን ያስቀምጠዋል? እስከ መቼስ ይጠብቃል? እኛ በ2017 ዓ.ም. ክረምት በፉሪ በሚገኘው ቤታችን ተቀምጠን ይህንኑ ነገር በእጃችን ለመፈተን የተነሣነው ለጨዋታ አልነበረም።

በጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ በተነሣ ጊዜ የትግራይ ክልል ስልክና ኢንተርኔት እንደ ተቋረጠ፥ ወደ መቐለም የስልክ ድምፅ ዳግመኛ መመለስ የጀመረው በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. እንደ ሆነ ሁሉም ያስታውሳል። በዚያ ሁለት ዓመት ውስጥ በየቤቱ የነበረውን ጭንቀት ሌላ ጸሓፊ በሰፊው ይጽፈዋል። የእኛ ቤት ድርሻ ይህች ናት፤ አብራን የምትኖረው አክስታችን በሜሪላንድ የምትኖር ሴት ልጅ አለቻት፤ በመቐለ ደግሞ የአጎታችን ልጅ አለ። ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር፥ ከአንድ ገበታ እየበሉ ያደጉ ናቸው። ልጅቱ በመዘጋቱ ወራት በአንድ የመጻጻፊያ አገልግሎት በኩል ሦስት ጊዜ የትውውቅ ጥያቄ ሰደደችለት፤ «በሕይወት ካለህ ይህን ስታይ እሺ በለኝ» የሚል ቃልም አክላበታለች። እርሱም መስመሩ ተመልሶ ስልኩን በከፈተ ጊዜ በአገልግሎቱ ገጽ ላይ የጠበቀው አንዳች ነገር አልነበረም። ኋላ እንደ ተረዳነው አገልግሎቱ ያልተመለሰ ጥያቄን የተወሰኑ ቀኖች ብቻ ያቆይና ለላኪውም ለተቀባዩም ሳይናገር ይደመስሰዋል። ስሙን አንጠራም፤ እንዲህ የሚያደርግ እርሱ ብቻ አይደለምና።

እርሱ «ሁለት ዓመት ሙሉ የጠየቀኝ የለም» አለ። እርስዋ ደግሞ «አይቶ ዝም አለኝ» አለች። ሁለቱም የተናገሩት ዐይናቸው ያየውን ነው። አክስታችን በመካከል ሆና ለአንዱ የሌላውን ብትነግር የሚያምናት አጣች፤ እናት ስለ ልጅዋ ብታስታርቅ ማድላት ይመስላልና። ከዚያ በኋላ በቤተ ዘመድ ማኅበራችን ስብሰባ ላይ «የራሳችን መጻጻፊያ ይኑረን፥ ደጃፉንም ራሳችን እንጠብቅ» የሚል ሐሳብ ተነሣ፤ ነገሩን እንድናጠናም ለእኛ ተሰጠን።

ምላሽ ያጣ የወዳጅነት ጥያቄ ምን ያኽል መዘዝ ሊስብ እንደሚችል ታሪካችን ከኮምፒዩተር በፊት አሳይቶናል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም. መጀመሪያ ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ ደብዳቤ ጽፈው፥ ወዳጅነትን ጠይቀው፥ መልእክተኞቻቸውን ለመስደድ ማሰባቸውን ገልጸው በቆንስሉ በካሜሮን እጅ ላኩት። ደብዳቤው በዚያው ዓመት በየካቲት ወር ለንደን ደረሰ። መድረሱስ ደረሰ፤ ነገር ግን ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ተላልፎ በወረቀት ክምር መካከል ተቀመጠ፤ መልስም አልተጻፈለትም። እንግዲህ ልብ እንበል፤ በመቅደላና በደብረ ታቦር ላይ ሆኖ መልስ የሚጠባበቅ ንጉሥ፥ ደብዳቤው ጠፍቶ ይሁን፥ ተነቦ ተንቆ ይሁን፥ ገና በመንገድ ላይ ይሁን የሚያውቅበት አንድም መንገድ አልነበረውም። ሦስቱም ከውጭ ሲታዩ አንድ መልክ አላቸው፤ ዝምታ ናቸው። ቴዎድሮስም ዝምታውን ንቀት ነው ብለው ተረጐሙት፤ በ1856 ዓ.ም. ካሜሮን ታሰረ፥ ሌሎችም አውሮፓውያን ተከተሉት። የንግሥቲቱን መልስ የያዘው ሆርሙዝድ ራሳም በተራው ምጽዋ ላይ «ግባ» እስኪባል ከአንድ ዓመት በላይ ደጅ ጠንቶ ከንጉሡ ፊት የቀረበው በ1858 ዓ.ም. ነው። የጄኔራል ናፒየር ጦር መቅደላን የያዘውና ቴዎድሮስ ራሳቸውን የሠዉት ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ነው። የዚያን ዘመን መከራ ሁሉ በአንድ ወረቀት ለማሳበብ አንፈልግም፤ ሌላ ብዙ ምክንያት ነበረው። ነገር ግን ያ ወረቀት በለንደን ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በየጊዜው ከባለሥልጣኑ ጠረጴዛ ላይ «ይህ ገና አልተመለሰም» እየተባለ ቢቀርብ ኖሮ ብለን ሳናስብ አላለፍንም።

ፉሪን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር፥ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ፥ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፥ በፉሪ ተራራ ግርጌ የተዘረጋ ሰፈር ነው። «ነፋስ ስልክ» ማለት ያለ ሽቦ በአየር ለሚሄደው ቃል አባቶቻችን ያወጡለት ስም ስለ ሆነ፥ ስለ መልእክት ጥበቃ ለሚመራመር ሰው ከዚህ የሚሻል አድራሻ አይገኝም። ወደ ጅቡቲ የሚሄደው የኤሌክትሪክ ምድር ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው በዚሁ በፉሪ ለቡ ጣቢያ ነው። በተራራው ላይ ደግሞ የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያ ጣቢያ አለ፤ በዓለም አቀፉም መዝገብ የሚጠራው በዚሁ በፉሪ ስም ነው። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የሚነሣው መንቀጥቀጥ እስከ እኛ ቤት ድረስ ብርጭቆ ባንቀጫቀጨ ጊዜ፥ ያ መሣሪያ የሚያየው ሰው ኖረም አልኖረም ይጽፍ ነበር። ለኮምፒዩተሩም የተመኘንለት ጠባይ ይኸው ነበር።

በሥራው የረዳን በሰፈራችን የሚኖር አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። አሮጌ ኮምፒዩተር አምጥቶ ከመጽሐፍ መደርደሪያችን ሥር አስቀመጠው፤ ሰርቨር ማለት ይኸው ነው፥ ሌሎች ስልኮችና ኮምፒዩተሮች የሚጠሩት፥ መዝገብ ያዥና መልእክት አመላላሽ የሆነ ማሽን ማለት ነው። የመረጥነው የአሠራር ደንብ በ1998 እ.ኤ.አ. ጄረሚ ሚለር የተባለ አሜሪካዊ «ጃበር» ብሎ የጀመረውን፥ በኋላም ኤክስ ኤም ፒ ፒ የተባለውን ነው። ይህ ደንብ የማንም ኩባንያ ንብረት አይደለም፤ የኢንተርኔት ምሕንድስና ግብረ ኃይል የተባለው ማኅበር በ2004 እ.ኤ.አ. አጽድቆ አሳትሞታል፥ በ2011 እ.ኤ.አ. አሻሽሎታል። ስለ ትውውቅ ጥያቄ የሚናገረው ክፍል ቁጥሩ 6121 ነው፤ ጸሓፊው ፒተር ሴንት አንድሬ ይባላል። እኛም ጽሑፉን ከወጣቱ ጋራ ሁለት ማታ ተቀምጠን አነበብነው። ደረቅ ጽሑፍ ነው፤ ነገር ግን እንደ ፍትሐ ነገሥት በትዕግሥት ለሚያነበው ሰው ከየአንቀጹ ውስጥ የሰው ጠባይ ብቅ ይላል።

የቤተ መንግሥቱን ሥርዓት ለሚያውቅ ሰው የሰርቨሩን ሥራ ለማስረዳት እልፍኝ አስከልካይን ማስታወስ ይበቃል። ባለጉዳይ ሲመጣ እልፍኝ አስከልካዩ በጌታው ፈንታ እሺም እምቢም አይልም፤ ጌታው ከሌሉ ባለጉዳዩን በደጅ ያቆየዋል፤ ጌታው ሲመለሱ «እገሌ በደጅ አለ» ይላል። ደንቡም የሚያዘው እንዲሁ ነው። ሰርቨሩ በተጠያቂው ስም ፈቃድ መስጠት አይገባውም፤ ተጠያቂው ከሌለ ጥያቄውን ከነሙሉ ቃሉ ማስቀመጥ አለበት፤ ተጠያቂው በመጣ ጊዜ ያቀርብለታል፤ ተጠያቂው አይቶ ሳይመልስ ቢወጣ እንኳ ተመልሶ በገባ ቁጥር ደጋግሞ ያቀርብለታል፥ እሺ ወይም እምቢ እስኪል ድረስ። ከሁሉ ይልቅ የወደድነው ይህን የመጨረሻውን ነው። ለልጅ ጋብቻ የተላኩ ሽማግሎች በመጀመሪያው ቀን «ዘመድ እናማክር» ተብለው ሲመለሱ ጥያቄያቸው አልሞተም፤ በሌላ ቀን ያንኑ ቃል ይዘው ይመጣሉ።

ከዚህ ሌላ ደንቡ በሁለት ሰዎች መካከል ሊኖር የሚችለውን ግንኙነት በዘጠኝ ሁኔታ ከፍሎታል። መጀመሪያ ስናነበው የበዛ መስሎን ነበር። ነገር ግን ትውውቅ ሁለት አቅጣጫ አለው፤ እኔ የአንተን መኖር እንዳይ መፍቀድህ አንተ የእኔን ታያለህ ማለት አይደለም። በየአቅጣጫው ደግሞ ያልተጠየቀ፥ የተጠየቀና ያልተመለሰ፥ የተፈቀደም አለ። ሦስቱን በሦስት ብናባዛው ዘጠኝ ይሆናል፤ በቤተ ዘመድ መካከል ያለው ነገር ሁሉ ከዚያ ውስጥ ገብቶ ይገኛል።

ሙከራውን ስንጀምር ሁለት ሰዎች ፈጠርን፤ «ከበደ» እና «አልማዝ» አልናቸው። ሁለቱም በመስመር ላይ ሳሉ አልማዝ ከበደን ስትጠይቀው ጥያቄው ወዲያው ደረሰ፤ ከዚህ ላይ የሚነገር የለም። ቀጥለን የከበደን ስልክ ዘግተን አልማዝ እንድትጠይቀው አደረግን፤ ሌሊቱን አሳድረን ጧት ስልኩን ብንከፍት ጥያቄው ቀረበ። ሳንመልስ ዘግተን ስንከፍትም ደግሞ ቀረበ። አልማዝ አምስት ጊዜ ደጋግማ ብትጠይቅ ለከበደ የሚቀርብለት አምስት ሳይሆን አንድ ጥያቄ ነው፤ ይህም መልካም ነው፥ ጭቅጭቅን ያስወግዳል። አልማዝ ጥያቄዋን ሰርዛ ከበደ በኋላ ሲገባ ምንም አላገኘም። ወጣቱ ደግሞ አንድ ረቂቅ ነገር አሳየን፤ የከበደ ስልክ ከሰርቨሩ ጋራ ተገናኝቶ ነገር ግን «አለሁ» የሚለውን ማሳወቂያ ካልሰጠ ጥያቄው አይቀርብለትም። ሰውዬው ወደ ቤቱ ገብቶ መብራት ሳያበራ እንደ ተቀመጠ ያለ ነው፤ እልፍኝ አስከልካዩም ጌታው ገና አልመጡም ብሎ ይቈጥራል።

ኤሌክትሪክን በሚመለከት የተለየ ዝግጅት አላስፈለገንም። በክረምት የፉሪ መብራት ሳይጠራ የሚመጣ ፈታኝ ነው። ከበደ በሌለበት አልማዝ ጥያቄ በላከች በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መብራት ጠፋ፤ ማሽኑም ከነሰርቨሩ ድርግም አለ። ሻማ አብርተን ቡና ጠጣን። ወጣቱ «ጋሼ፥ አሁን ነው የሚለየው» አለን፤ ጥያቄውን ሰርቨሩ በጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ ብቻ ይዞት ከሆነ ከመብራቱ ጋራ ጠፍቷል፤ በዲስኩ ላይ ጽፎት ከሆነ ግን ይገኛል ማለቱ ነው። ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ መብራቱ ሲመለስ ማሽኑን አስነሥተን ከበደን አስገባነው። ጥያቄው ቀረበ። ወጣቱ በደስታ እጁን አጨበጨበ፤ እኛ ግን የማሽኑን መስታወት ስንመለከት አንድ ነገር ጐድሎ አገኘን።

አልማዝ በጥያቄዋ ላይ «የእማማ ልጅ ነኝ፥ ቁጥሬን ለውጬ ነው» የሚል ቃል ጨምራ ነበር። በከበደ ፊት የቀረበው ስምዋ ብቻ ነው። ቃሉ የለም።

በመጀመሪያ ከመብራቱ ጋራ የጠፋ መስሎን ነበር። መዝገቡን ከፍተን ብናይ ግን መብራት ባይጠፋም ነገሩ ያው ነው፤ እኛ የያዝነው የፕሮግራሙ እትም በደጅ ያለውን ሰው ስም ብቻ ይጽፋል፥ ሰውዬው የተናገረውን አይጽፍም። ከበደ በመስመር ላይ ሳለ የሚመጣው ጥያቄ ከነቃሉ ስለሚደርስ ጕድለቱ ሳይታወቅ ኖሯል፤ በመጀመሪያውም ሌሊት ሙከራ አልማዝ ባዶ ጥያቄ ነበር የላከችው። ደንቡ «ከነሙሉ ቃሉ» እያለ፥ እልፍኝ አስከልካዩ «አንዲት ሴት በደጅ አለች» ብቻ ብሎ የዝምድናዋን ነገር ዘነጋው ማለት ነው።

ይህን እንደ ጥቃቅን ነገር የሚቈጥር ሰው ይኖር ይሆናል። በዘመናችን ግን ሰው ስልክ ቁጥሩን ይለውጣል፤ በስደት ያለው ስሙን በላቲን ፊደል አሳጥሮ ይጽፋል፤ አንዳንዱም በልጁ ስም ይመዘገባል። ከመቐለ፥ ከደሴ ወይም ከጎንደር ሆኖ ከማያውቀው ስም ጥያቄ የደረሰው ሰው፥ አታላዮች በበዙበት ጊዜ፥ እምቢ ቢል ማን ይፈርድበታል? እምቢታውም ወደ ላኪዋ ይሄዳል፤ እርስዋም የተጠየቀው ስምዋ ብቻ እንደ ሆነ አታውቅም። አይቶ እምቢ አለኝ ትላለች። ከዚህስ የመጀመሪያው ዝምታ ይሻል ነበር። በዚያች ማታ አክስታችን ከወዲያኛው ክፍል መጥታ «ልጄ፥ ምን ሆናችሁ ዝም አላችሁ?» ብላ ጠየቀችን፤ ነገሩንም በቀላል አስረዳናት። ጥቂት አስባ «መልእክተኛው መልእክቱን ከረሳ ታዲያ ለምን መጣ?» አለች። ወጣቱ ይህን ቃል በደብተሩ ላይ ጻፈው።

ፕሮግራሙ በነጻ የሚታደልና የአሠራሩ ጽሑፍ ለሁሉ የተገለጸ ስለ ሆነ ወጣቱ አርሞ ሊያስተካክለው ቻለ። ሦስት ቀን ፈጀበት። በስሙ ፈንታ ጥያቄው እንዳለ፥ ከነቃሉና ከነሰዓቱ፥ በመዝገቡ እንዲጻፍ አደረገ፤ እርማቱንም ለፕሮግራሙ ሠሪዎች ላከላቸው። ሙከራውን ከመጀመሪያው ጀምረን ደገምነው፤ ማሽኑን ሆን ብለን ሰባት ጊዜ ከመብራት ነቅለን ተክለን አየነው፤ ቃሉ አልጐደለም።

ከዚህ በኋላ የቀረው ከባዱ ጥያቄ ነው። እስካሁን የፈተንነው ጌታው ሲጠፉ ደጁ ግን በቦታው ሲኖር ነው። አገር ሲዘጋ ግን ደጁ ራሱ ከመዘጋቱ ወዲያ ማዶ ሊሆን ይችላል። በማኅበሩ ውስጥም ሙግት ተነሥቶ ነበር፤ አንዳንዶች ሰርቨሩ በውጭ አገር ይቀመጥ አሉ፥ ሌሎች በአዲስ አበባ ይሁን አሉ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት በአገሪቱ ከሦስት ሳምንት በላይ ሲቋረጥ የነበረውን የሚያስታውሱ ሁሉ ሁለቱም ሐሳብ ጐደሎ እንደ ሆነ ያውቃሉ። ይህ ደንብ ግን እንደ ፖስታ ቤት ነው፤ አንድ ሰርቨር ብቻ አይፈልግም። የሜሪላንድ ሰው በሜሪላንድ ሰርቨር፥ የአዲስ አበባ ሰው በአዲስ አበባ ሰርቨር ተመዝግቦ ሁለቱ ሰርቨሮች እርስ በርሳቸው ይላላካሉ።

ስለዚህ ወጣቱ ሁለተኛ ማሽን አምጥቶ ከመጀመሪያው ጋራ በሽቦ አገናኘው፤ አልማዝን በአንዱ፥ ከበደን በሌላው አደረግን። ሽቦውን ነቅለን አልማዝ ስትጠይቅ ጥያቄው ከከበደ ደጅ አልደረሰም፤ ስለዚህም በዚያ የሚጠበቅ ነገር የለም። ሽቦውን መልሰን ተክለን አንድ ሰዓት ብንጠብቅም አልደረሰም። በዚህ ጊዜ ተስፋችን ቀዝቅዞ ነበር። ደንቡን እንደ ገና ስንመረምር ግን መልስ ያላገኘ ጥያቄን የጠያቂዋ ሰርቨር በየጊዜው እንደ ገና ሊልከው ይገባል የሚል ቃል አገኘን፤ ለምሳሌ ጠያቂዋ ስልክዋን በከፈተች ቁጥር። የአልማዝን ስልክ ዘግተን ከፈትነው። ጥያቄው ሽቦውን ተሻግሮ ከከበደ ደጅ ቆመ። እንግዲህ የሜሪላንዱ ሰርቨር ለሁለት ዓመት ተዘግቶ በኖረ አገር በር ላይ ልጅቱ ስልክዋን ባነሣች ቁጥር ያንኑ ጥያቄ እየወሰደ ሲመልስ ይኖር ነበር ማለት ነው፥ በሩ እስከተከፈተበት ጧት ድረስ።

የፖስታን ነገር ካነሣን አይቀር አንድ ልዩነት መጥቀስ ይገባል። የኢትዮጵያ ፖስታ በዐፄ ምኒልክ ዘመን በ1886 ዓ.ም. ተቋቁሞ በ1901 ዓ.ም. ወደ ዓለም ፖስታ ኅብረት ገብቷል፤ እስከ ዛሬም አብዛኛው ሰው ደብዳቤውን የሚቀበለው ከቤቱ ደጅ ሳይሆን ከፖስታ ሣጥን ነው፥ ሣጥኑም ባለቤቱ ቁልፉን ይዞ እስኪመጣ ይጠብቃል። ነገር ግን ባለቤቱ ያልተገኘ ደብዳቤ በፖስታ ሥርዓት ምክንያቱ ተጽፎበት ወደ ላኪው ይመለሳል። ሰርቨሩ ይህን አያደርግም። ጠያቂዋ በመዝገብዋ ላይ የምታየው «በመጠባበቅ ላይ» የሚል አንድ ቃል ነው፤ ተጠያቂው አላየውም፥ አይቶ እያሰበበት ነው፥ ወይም አይቶ ሊመልስ አልፈለገም፥ ሁሉም ያው ቃል ነው። ወጣቱ «ጋሼ፥ አየው አላየው የሚል ምልክት ልጨምርበት?» ብሎ ጠይቆን ነበር። እኛ አልተስማማንም። ተጠያቂው ስልኩን መክፈቱን ገና ላልፈቀደለት ሰው መንገር፥ እልፍኝ አስከልካይ ለባለጉዳይ «ጌታዬ ነቅተዋል፥ ግን ዝም ብለዋል» እንዲል ማድረግ ነው። ከሚሸሸው ሰው የተደበቀ አለ፤ ከባልዋ ቁጣ የሸሸች ሴት አለች፤ እነርሱ መኖራቸው የሚገለጠው በፈቃዳቸው ብቻ መሆን ይገባዋል። የቴዎድሮስን ደብዳቤ ስናስብ ሐሳባችን ይከፈላል፤ ሆኖም የሰርቨሩን ዝምታ መረጥን።

ስለ ቀኑ ገደብም ተከራክረናል። ያልተመለሰ ጥያቄን ለዘላለም ማስቀመጥ ደጁን በማይታወቅ ሰው ያጨናንቃል፤ ለማስታወቂያና ለማታለል ብለው በሺህ የሚቆጠር ጥያቄ የሚበትኑ እንዳሉ የታወቀ ነው፤ በቀን የሚገድቡትም አገልግሎቶች ከዚህ የተነሣ እንጂ ከክፋት አይደለም። የቤተ ዘመድ ማኅበር ግን ከስድሳ የሚበልጥ ሰው የለውም። ገደብ አይኑረው ብለን ወሰንን።

አሁን ሁለቱ ሰርቨሮች አንዱ በውጭ አገር፥ ሁለተኛው በአዲስ አበባ፥ በኪራይ ተቀምጠው ሥራቸውን ጀምረዋል። የመቐለው የአጎታችን ልጅ ከመመዝገቡ አስቀድሞ ስሙን አውጥተን ደጁን አዘጋጅተንለት ነበርና፥ የአክስታችን ልጅ ከሁሉ ቀድማ ጠየቀችው። በጥያቄዋ ላይ የጻፈችውን ቃል እናውቀዋለን፥ በመዝገቡ ተጽፎ አይተነዋልና፤ ከዚህ ግን አናወጣውም። እርሱም ከአሥራ ዘጠኝ ቀን በኋላ ገባ። በመጀመሪያው ማታ አልመለሰም፤ በሁለተኛውም አልመለሰም፤ ሰርቨሩ በሦስተኛው ባቀረበለት ጊዜ እሺ አላት።

አክስታችን ዜናውን ስንነግራት እልል አላለችም። «እርሱስ ጠየቃት?» አለችን። ደንቡ ሁለት አቅጣጫ እንዳለው ማንም አላስተማራትም። መዝገቡን ከፍተን አየን፤ እርስዋ የእርሱን መኖር እንድታይ ተፈቅዷል፥ እርሱ ግን የእርስዋን ለማየት ገና አልጠየቀም። ከዘጠኙ ሁኔታዎች አንዱ ነው። አክስታችን በየማታው ከእራት በኋላ ትጠይቀናለች፥ እኛም መዝገቡን ከፍተን እናያለን።